የችግኝ ሻጭና ደንበኛው፤ ስለ ምርቃትና ስለ መለያ ወረቀት

ወደ ገበያ የማይወጣ ገበሬ የለም። ወደ ገበያ የወጣ ሁሉ ግን ደንበኛ አለው ማለት አይደለም። ገዢና ደንበኛ የተለያዩ ናቸው። ገዢ ማለት ዋጋ ተከራክሮ፥ ገንዘቡን ቆጥሮ፥ የገዛውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ደንበኛ ማለት ግን ሌላ ጊዜ ሲመለስ ከብዙ ሻጮች መካከል አንዱን ፈልጎ የሚሄድ፥ ጎረቤቱንም «ከእርሱ ዘንድ ግዛ» ብሎ የሚልክ ሰው ነው። ገዢን ዋጋ ያመጣዋል፤ ደንበኛን የሚያመጣው እምነት ነው።

እምነት የሚገኘው በጣፋጭ አንደበት ብቻ የሚመስላቸው ሻጮች አሉ። መልካም አነጋገር ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እምነት የሚገኘው ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም ስለ ገዢው ማሰቡን ካልተወ ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከሻጩ ልብና እጅ የሚወጣ መልካም ሥራ ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ቃል የታተመበት ትንሽ ወረቀት ነው። ይህንንም በጨንቻ የአፕል ችግኝ ምሳሌነት እናስረዳለን።

የጨንቻ አፕል

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በዶርዜ በኩል በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የሚደረስበት ደጋ አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ፖም፥ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚጠራው አፕል፥ ወደዚህ አገር ከሚስዮናውያን ጋር ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። አፕል እንዲያብብ የብርድ ወራት ስለሚፈልግ የጋሞ ደጋ ተስማማው። ቆይቶም የጨንቻ ገበሬዎች ፍሬውን ከመሸጥ አልፈው ችግኝ እያዳቀሉ ለሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎች መሸጥ ጀመሩ።

በጋሞ ደጋ የአንድ ቤተሰብ መሬት ጠባብ ነው። ከእንሰቱ፥ ከገብሱና ከድንቹ የተረፈች ጥቂት መሬት ግን ብዙ ችግኝ መያዝ ትችላለች። ስለዚህ ችግኝ ለጠባብ መሬት ጥሩ የገንዘብ ምንጭ ነው። ነገር ግን የችግኝ ንግድ ከሌላው ንግድ ሁሉ ይልቅ በእምነት ላይ የቆመ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ሽንኩርት የገዛች ሴት የገዛችው መልካም ይሁን መጥፎ በዚያው ምሽት ከድስቱ ታውቀዋለች። የአፕል ችግኝ የገዛ ሰው ግን የገዛውን በውል የሚያውቀው ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ችግኙ ትንሽ በትር ነው፤ ዓይነቱን በቅጠሉ አይቶ የሚለይ ገዢ ጥቂት ነው። ስለሆነም ገዢው የሚገዛው በትሩን ብቻ ሳይሆን የሻጩን ቃል ጭምር ነው። ቃሉ ሐሰት ቢሆን፥ ወይም ሻጩ ማለት የሚገባውን ሳይል ቢቀር፥ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ውኃ የጠጣው፥ የታረመው፥ ከከብት የተጠበቀው የ3 ዓመት ድካም ነው።

አንዱን ዓይነት ብቻ የተከለ ሰው

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ገበሬ ከሩቅ ደጋ መጥቶ 10 የአፕል ችግኝ ገዛ እንበል። ሻጩ አሥሩንም ክሪስፒን ከሚባለው ዓይነት ሰጠው። ችግኞቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ሻጩም አላጭበረበረም። ገበሬው በጥንቃቄ ተከላቸው። በ3ኛው ዓመት ዛፎቹ አበቡ፤ ሆኖም አበባው ረግፎ ፍሬ የሚባል የለም ለማለት ይቻል ነበር። ገበሬው ምክንያቱን የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረው «የጨንቻ ችግኝ መካን ነው» ብሎ ዛፎቹን ቆረጠ። ይህንንም በሠርግ፥ በለቅሶና በገበያ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቀበሌ ወደ ጨንቻ የመጣ ገዢ የለም። በዚህም የተጎዳው አንድ ሻጭ ብቻ ሳይሆን የጨንቻን ስም ይዞ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ነው።

ጥፋቱ ምን ነበር? አብዛኛው የአፕል ዓይነት በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይቋጥርም። በአቅራቢያው፥ በዚያው ወቅት የሚያብብ ሌላ ዓይነት አፕል ያስፈልገዋል። ንቦች የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ሲያደርሱ ያን ጊዜ ፍሬ ይይዛል። ለምሳሌ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዓይነቶች ብዙ ብርድ የማይፈልጉና በአንድ ወቅት የሚያብቡ ስለሆኑ አንዱ ለአንዱ ጓደኛ ይሆናል። ክሪስፒን ግን ልዩ ጠባይ አለው። የእርሱ ብናኝ ለሌላው አይጠቅምም። ስለዚህ ክሪስፒንን የሚተክል ሰው ሌሎች ሁለት ዓይነቶች ሊተክል ይገባዋል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፥ ክሪስፒንንም ይረዱታል።

ይህንን ነገር ሻጩ በሚሸጥበት ቀን በሁለት ደቂቃ ሊነግረው ይችል ነበር። ወይም በግማሽ ወረቀት ላይ ታትሞ ቢሰጠው ኖሮ ገበሬው ባይዘው በ3ኛው ዓመት አውጥቶ ያነበው ነበር። ደንበኛ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ፥ በቀላሉ ሊደረግ ሲችል ሳይደረግ በቀረ ነገር ነው።

ከእጅና ከልብ የሚወጣው

በመጀመሪያ ገዢውን ጠይቁት። ሰላምታ ከሰጣችሁና ካረፈ በኋላ ከዋጋው በፊት ስለ መሬቱ አነጋግሩት። «አባቴ፥ ከወዴት መጡ? ችግኙን የሚተክሉት ደጋ ላይ ነው ወይስ ወይና ደጋ? ውርጭ ይወርዳል? ከዚህ በፊት የተከሉት አፕል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ የትኛው ዓይነት እንደሚስማማው ታውቃላችሁ። ገዢውም ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ማሳው የጠየቀውን ሰው አይረሳም።

ሁለተኛ፥ የማይሆነውን አትሽጡ። አንድ ሰው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር፥ ከቆላው፥ አፕል ሊገዛ ቢመጣ እውነቱን ንገሩት። በቆላ ሙቀት አፕል አይሆንለትም፤ ለዚያ አገር ሙዝና ማንጎ ይሻለዋል። በዚያ ቀን አንድ ሽያጭ ይቀርባችኋል። ነገር ግን ያ ሰው በደጋ የሚኖሩ ዘመዶቹ ችግኝ ሲፈልጉ ወደ ማን እንደሚልካቸው ያውቃል።

ሦስተኛ፥ ምርቃቱን አስቡበት። በገበያችን ገዢ «መርቂልኝ» ወይም «መርቅልኝ» ሳይል አይሄድም። ሻጭም ከተሰፈረው ላይ ጥቂት ይጨምራል። በቋንቋችን ለገዢ የሚጨመረው ነገርና ከሽማግሌ አፍ የሚወጣው በረከት አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ምርቃት ይባላሉ። ስለዚህ ምርቃት የተበላሸው የሚወገድበት መንገድ መሆን የለበትም። ለችግኝ ገዢ የቀጨጨ ችግኝ መመረቅ ከስድብ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚሻለው ምርቃት ለገዛው ዓይነት ጓደኛ የሚሆን አንድ ጤነኛ ችግኝ ነው። 9 አና ለገዛ ሰው 1 ዶርሴት ጎልደን ብትመርቁለት ለዘጠኙ ሁሉ ፍሬ መረቃችሁለት ማለት ነው።

አራተኛ፥ ለመንገዱ አሰናዱለት። የችግኝ ሥር በነፋስና በፀሐይ ከደረቀ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ሞቷል። ሥሩን በእርጥብ ጭቃ ወይም በእርጥብ ገለባ ሸፍናችሁ በኮባ ጠቅልሉት፤ በእንሰት ቃጫም እሰሩት። ገዢው በሦስተኛው ቀን አገሩ ደርሶ ኮባውን ሲፈታ እርጥብ ሥር ካገኘ እናንተ በሌላችሁበት ያመሰግናችኋል።

አምስተኛ፥ በኋላ ጠይቁት። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጊዜ ስልክ ደውላችሁ «ችግኞቹ እንዴት ናቸው? ስንቱ ያዘ?» ብትሉት የምታወጡት ገንዘብ ጥቂት ነው። በዚህም ጊዜ ሌላ ዕቃ ለመሸጥ አትሞክሩ። የደወላችሁት ለመጠየቅ ነውና ጠይቃችሁ፥ ሰምታችሁ፥ ምክር ካስፈለገው መክራችሁ ስልኩን ዝጉ።

ስድስተኛ፥ ቅሬታ ይዞ የመጣን ሰው እንደ ጠላት አትዩት። ዝም ብሎ የቀረው ገዢ ከእናንተ ተለይቷል፤ ተመልሶ የተቆጣው ግን ገና ደንበኛ ነው። ነገሩን መርምሩ። ጥፋቱ ከእናንተ ከሆነ ችግኙን ተኩለት። ጥፋቱ ከአተካከሉ ከሆነ ሳታሳፍሩት አስረዱት።

የዶርዜ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ያቀርባል። ብዙ ጎብኚ ከጥልፍልፉ የቀርከሃ ቤት ይልቅ ያንን መስተንግዶ እያስታወሰ ይሄዳል። ሽመናውን የሚገዛውም ቀምሶ፥ ተጨዋውቶ፥ ጥጡ ሲፈተል አይቶ ነው። ይህ ልማድ የእናንተው ነው፤ ከሌላ አገር መማር አያስፈልጋችሁም። ችግኝ ወደሚሸጥበት አጥር ውስጥ አስገቡት ማለት ብቻ ነው።

በወረቀት የሚደረገው

ከላይ የተነገረው ሁሉ በፊት ለፊት የሚደረግ ነው። ሆኖም ገዢው የሰማውን ሁሉ አይዝም። ችግኙንም የሚተክለው ልጁ ወይም ወንድሙ ሊሆን ይችላል። የሻጩ ድምፅ ከማይደርስበት ቦታ ወረቀት ይደርሳል። የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ሦስት ናቸው።

1. መለያ ወረቀት። ይህ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ የሚታሰር ትንሽ ካርድ ነው። የአፕሉ ዓይነት፥ ሥር የሆነው ግንድ ዓይነት፥ የተዳቀለበት ወርና ዓመተ ምሕረት፥ የሻጩ ወይም የማኅበሩ ስምና ቀበሌ፥ የስልክ ቁጥር ይጻፍበታል። ጠንካራ ወረቀት ይሁን። በፎቶ ኮፒ መኪና የታተመ ጽሑፍ ውኃ ቢነካው በቀላሉ አይለቅም። በእጅ የሚሞላውን ግን በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በዝናብ ይፈሳል፥ እርሳስ ግን ይቆያል። ካርዱን በዋናው ግንድ ላይ አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ግንዱ ሲወፍር ክሩ ያንቀዋል። በጎን ቅርንጫፍ ላይ አላልታችሁ እሰሩት።

2. የአተካከል መመሪያ። ይህ ለእያንዳንዱ ገዢ የሚሰጥ ግማሽ ገጽ ነው። ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚጠቅም ሥዕል ይኑርበት። የሚከተለውን ለአብነት እናቀርባለን።

«ከእኛ ስለ ገዙ እናመሰግናለን።
የገዙት ዓይነት፦ አና። ጓደኛው፦ ዶርሴት ጎልደን።
ሀ. እስኪተክሉት ድረስ ሥሩ ፀሐይና ነፋስ አይንካው።
ለ. ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ትኩስ ፍግ ሥሩን እንዳይነካው ይጠንቀቁ።
ሐ. የተዳቀለበት ቋጠሮ ከመሬት በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ቋጠሮው ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣል፤ ያን ጊዜ ማዳቀሉ ከንቱ ይሆናል።
መ. ጓደኛውን ከ15 ሜትር ሳያርቁ ይትከሉ።
ሠ. ዛፉ በአበባ ላይ ሳለ የተባይ መድኃኒት አይርጩ፤ ንቦችን ይገድላል።
ችግር ቢያጋጥምዎ በዚህ ስልክ ይጠይቁን።»

3. የደንበኞች መዝገብ። ይህ በሻጩ ቤት የሚቀመጥ የልጆች ደብተር ሊሆን ይችላል። የገዢው ስም፥ አገሩ፥ ስልኩ፥ የገዛው ዓይነትና ብዛት፥ የገዛበት ቀን፥ በኋላ የተነገረው ነገር ይመዘገብበታል። ይህ መዝገብ በአደራ የተሰጠ ነገር ስለሆነ ለሌላ ነጋዴ አይሰጥም። መዝገቡ ከሌለ በክረምቱ ማብቂያ ለማን ትደውላላችሁ? የትኛውስ ዓይነት በየትኛው አገር እንደ ያዘ በምን ታውቃላችሁ?

ወጪው ከባድ አይደለም። አንድ ተራ የጽሕፈት ቤት ወረቀት ለ8 መለያ ይቆረጣል። ስለዚህ 200 ችግኝ ያለው ሰው ለመለያ 25 ወረቀት ይበቃዋል። እነዚህን ችግኞች 20 ሰዎች ቢገዙት፥ መመሪያው ግማሽ ገጽ ስለሆነ 10 ወረቀት ይጨምራል። ጠቅላላው 35 ወረቀት ነው። ለብቻው ማሳተም የከበደው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ቢተባበር፥ ወይም ማኅበሩ ማኅተም አስቀርጾ በወረቀት ላይ ቢያትም፥ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል።

ወረቀቱ እውነት ካልሆነ

ወረቀት የሻጩን ቃል የሚያስር ነገር ነው። በአፍ የተነገረ ይካዳል፤ የታተመ ግን አይካድም። ስለዚህ የማታውቁትን አትጻፉ። የዓይነቱ ስም የጠፋባችሁ ችግኝ ቢኖር «ዓይነቱ አልታወቀም» ብላችሁ በርካሽ ሽጡት፥ ወይም ለራሳችሁ ትከሉት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማችን የሚያሳስት የንግድ መግለጫ ከልክሏል። ከሕጉም በፊት ግን ስማችሁን የሚቀጣው ገበያው ራሱ ነው።

ይህን ነገር ሌሎችም ቀድመው አስተውለውታል። በአሜሪካ አገር ሼከር የሚባሉ የአንድ ሃይማኖት ማኅበረኞች የአትክልት ዘር እያመረቱ በታተመች ትንሽ የወረቀት ከረጢት በመሸጥ የታወቁ ነበሩ። በጋሪ እየጫኑ ለሩቅ ገጠር ሱቆች ያድሉት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1819 የማኅበሩ ሰዎች ከውጭ የተገዛ ዘር ከራሳቸው ዘር ጋር ቀላቅለው ላለመሸጥ በጽሑፍ ተስማሙ። በ1830ዎቹም ስለ አትክልት አተካከል የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ከረጢቷን ሰዎች ያመኑት ወረቀቷ ስላማረች ሳይሆን በላይዋ የተጻፈውና በውስጧ ያለው አንድ ስለነበረ ነው።

በአገራችንም ስም ሀብት መሆኑ ታይቷል። ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚባሉት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲታወቁ መንግሥት ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋር ስምምነት ተፈራርሟል። ጨንቻ የሚለው ስምም እንዲሁ በደጋ ገበሬዎች ዘንድ የተከበረ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚያደርገው ግን በየአንዳንዱ ችግኝ ላይ የሚታሰረው ወረቀት እውነተኛ መሆኑ ነው።

ሙዝ ለሚያመርቱ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ በላንቴ፥ በጫኖና በቆላ ሻራ ያላችሁ የሙዝ ገበሬዎች «ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ የእናንተ ሙዝ በአረንጓዴነቱ ተቆርጦ፥ በደላላና በጅምላ ነጋዴ እጅ አልፎ ስለሚበላ፥ የሚበላው ሰው አያውቃችሁም። የእናንተ ደንበኛ የጭነት መኪና ይዞ የሚመጣው ነጋዴ ነው። እርሱም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይያዛል። ያልደረሰ ዘለላ አትቁረጡለት። የቆሰለውን ከጤነኛው ለዩለት። ሲጫን በሙዝ ቅጠል አልብሱለት። በዘለላው አገዳ ላይ የተቆረጠበት ቀንና የማኅበራችሁ ስም ያለበት ካርድ እሰሩ። ነጋዴው በሙቀት ክፍል ሲያበስል የትኛው ቀድሞ የተቆረጠ እንደሆነ ካወቀ ብልሽት ይቀንስለታል። ብልሽት የቀነሰለት ነጋዴ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን ካርድ እንደሚፈልግ ያውቃል።

ለልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኛ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። አንደኛ፥ በቀበሌው ያሉትን የአፕል እናት ዛፎች ከባለቤቶቹ ጋር ዞሮ ዓይነታቸውን በመለየት በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ያድርግ። እናት ዛፉ ሳይታወቅ የችግኙ ወረቀት እውነት ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፥ መመሪያው ከመታተሙ በፊት አንብቦ ያርመው፤ ከዚያም ስለ አፕል ምንም ለማያውቅ ሰው አስነብቦ የተረዳውን ይጠይቀው። ያልገባው ቃል ካለ ቃሉ ይለወጥ። ሦስተኛ፥ ገዢው በሚኖርበት ወረዳ ካለው የሥራ ባልደረባው ጋር ይጻጻፍ፤ የተሸጠው ችግኝ ያለበትን ሁኔታ በዚህ መንገድ ማወቅ ይቻላል።

ገበሬዎች ሆይ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ቢያስቸግራችሁ በዘንድሮው ሽያጭ ሦስቱን ብቻ ፈጽሙ። ከገዢው ጋር ስለ መሬቱ ተነጋገሩ፤ የዓይነቱን ስም በችግኙ ላይ እሰሩ፤ የገዢውን ስልክ በደብተር ጻፉ። ክረምቱ ሲወጣም ደብተሩን ገልጣችሁ ከመጀመሪያው ስም ጀምራችሁ ደውሉ። ስንቱ ችግኝ እንደ ያዘና ስንቱ እንደ ሞተ ስትሰሙ፥ የሚመጣውን ዓመት ችግኝ ስታዘጋጁ ምን ማረም እንዳለባችሁ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።